53ቱ ስሞችና የመክፈቻው ምት

በየዓመቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ማክሰኞ፣ በዋሽንግተን ሰዓት ልክ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ መዝገቡን ይዘጋል። 32ቱ ክለቦች ሲያሰለጥኗቸው ከከረሙት 90 ተጫዋቾች መካከል 53ቱን ብቻ አስመዝግበው የቀሩትን የሚያሰናብቱበት የመጨረሻ ሰዓት ነው። በየክለቡ 37 ሰው ይቀነሳል፤ በሊጉ ሲደመር 1,184 ይሆናል። ጥቂቶቹ በጉዳተኞች መዝገብ ሰፍረው ይቆያሉ። የቀሩት ግን በዚያ ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ሥራቸውን ያጣሉ።

ዜናው ለተጫዋቹ የሚደርስበት መንገድ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ከክለቡ ሠራተኞች አንዱ ጠዋት ወደ መልበሻ ክፍል ወይም ወደ ቁርስ ጠረጴዛ ይመጣና «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፤ ፕሌይቡክህን ይዘህ ና» ይለዋል። ፕሌይቡክ የክለቡ የጨዋታ ዕቅድ ሁሉ የተጻፈበት ጥራዝ ነበር፤ ዛሬ ታብሌት ሆኗል። ይዘህ ና የተባለ ሰው ነገሩ እንዳበቃለት ወዲያው ይገባዋል። ይህን መልእክት የሚያደርሰውን ሰው ተጫዋቾቹ «ዘ ተርክ» ይሉታል። በዚያ ሳምንት እሱን ፊት ለፊት ማግኘት የሚሻ ተጫዋች የለም።

የዝርዝሩ አናት ላይ ያሉት ያን ቀን በሰላም ይውላሉ። በአሥር ሚሊዮኖች የተፈረመለት የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ፣ በሚያዝያው ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በሚመርጡበት ሥርዓት) በመጀመሪያው ዙር የተመረጠው ወጣት፣ በየሳምንቱ ቋሚ ሆነው የሚሰለፉት 22ቱ፣ እነዚህ አይነኩም። ጭንቁ ያለው ታች ነው፤ ከአርባዎቹ አጋማሽ እስከ 53ኛው ስም። እዚያ ያለ ሰው የሚያዘው ወይም የሚሰናበተው በአብዛኛው ብዙ ተመልካች ልብ በማይለው ነገር ነው፤ በኪክኦፍ፣ በመክፈቻው ምት። የዚህ ምት ሕግ በ2024 ከሥሩ ተለወጠ፣ በ2025 ደግሞ እንደገና ተስተካከለ (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ ምዕራባውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ሲለወጥ ማን ሥራ እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣም አብሮ ተለወጠ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሜዳው 100 ያርድ ነው፤ ከ91 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በየጫፉ 10 ያርድ ጥልቀት ያለው ኤንድ ዞን አለ፤ ኳስ ይዞ እዚያ የገባ ቡድን ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል፣ ስድስት ነጥብም ያገኛል። እንደ እግር ኳሱ 11 ለ11 ይጫወታሉ፤ ልዩነቱ የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ሰዎች የተለያዩ መሆናቸው ነው። ኳሱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር አንዱ 11 ወጥቶ ሌላው 11 ይገባል። ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ክፍልም አለ፤ ስፔሻል ቲም ይባላል፣ የሚገባውም ኳስ በእግር በሚመታበት ጊዜ ነው። ጨዋታው ሲጀመር፣ ከዕረፍት መልስ፣ እንዲሁም ታችዳውን ወይም ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ያለፈ ኳስ) በተቆጠረ ቁጥር አንዱ ወገን ኳሱን አርቆ ይመታል፤ ተቀባዩ ይዞ ወደፊት ይሮጣል። ኪክኦፍ ይኸው ነው።

53 ሰው ሲሰሙት ብዙ ነው፤ ሲያከፋፍሉት ግን አይበቃም። ወደ 25 የሚሆኑት አጥቂ፣ ወደ 25 የሚሆኑት ተከላካይ ናቸው። ቀሪዎቹ ሦስቱ መቺው፣ ኳሱን ከእጁ ለቅቆ አርቆ የሚመታው ፐንተር እና በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ወርውሮ የሚያቀብለው ሎንግ ስናፐር ናቸው። በጨዋታው ዕለት ደግሞ መለያ ለብሶ መሰለፍ የሚፈቀድለት ቢበዛ 48 ሰው ነው። ስለዚህ ከመቺው በቀር የኪክኦፉ ቡድን የሚሞላው በአምስተኛው ላይንባከር (የመሐል ተከላካይ)፣ በሦስተኛው ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ አጥቂ)፣ በተጠባባቂው ሴፍቲ (የኋላ ተከላካይ) ነው። ሁለት ወጣቶች በቦታቸው እኩል ሆነው ከተገኙ አሰልጣኞቹ ከሁለቱ ኪክኦፍ ላይ የሚጠቅመውን ይይዛሉ። የዓመት ደመወዝና የሕክምና ዋስትና የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው።

በዚህ በር ገብቶ ትልቅ ሰው የሆነ ከተፈለገ ማቲው ስሌተር አለ። በ2008 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሲመርጠው በመዝገብ የተጻፈው የተወረወረ ኳስ ተቀባይ ተብሎ ነበር። በ16 የውድድር ዘመን ውስጥ የያዘው ኳስ አንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኳስ ተመትቶ ሲሄድ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ የሚጥል ሰው ስለነበረ ለሊጉ የምርጦች ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል፣ አሥር ጊዜ ተመርጧል፤ ሦስት የሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ) ዋንጫም አንሥቷል። ጫማውን የሰቀለው በየካቲት 2024 ነው። በቀጣዩ ወር የኪክኦፍ ሕግ ተለወጠ።

ሕጉ ለምን እንደተለወጠ ለመረዳት የቀድሞውን ምት ማየት ያስፈልጋል። መቺው በራሱ ሜዳ 35 ያርድ መስመር ላይ፣ ማለትም ከራሱ ኤንድ ዞን ደጃፍ 35 ያርድ ርቆ፣ ይቆማል፤ ዐሥሩ ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከጎኑ ይሰለፋሉ። ኳሱ ሲመታ አሥሩም በሙሉ ኃይላቸው ይሮጣሉ፤ 40 እና 50 ያርድ ያለ ምንም እንቅፋት። ተቀባዩ ወገን ደግሞ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ዞሮ፣ ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ለመክፈት ይመጣባቸዋል። መቶ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ በሙሉ ፍጥነት እየመጡ ይላተማሉ። ከሌላው የጨዋታ ክፍል ሁሉ ይልቅ አደጋ የበዛበት ይህ ነበር።

በመስከረም 2007 የቡፋሎ ቢልስ ተጫዋች ኬቨን ኤቨረት ኪክኦፍ የሚመልሰውን የዴንቨር ተጫዋች ሊጥል ራሱን ዝቅ አድርጎ ገጠመውና አንገቱ ላይ የአከርካሪ ጉዳት ደረሰበት። በሕይወት መትረፉ ራሱ ያጠራጥር ነበር፤ በኋላ ግን መራመድ ቻለ። የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ሌግራንድ በጥቅምት 2010 በተመሳሳይ ሁኔታ ተጎድቶ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ግሬግ ስኪያኖ ከዚያ በኋላ ኪክኦፍ ጨርሶ ይቅር፣ በምትኩ ነጥብ ያስቆጠረው ቡድን ኳሱን ይዞ በአንድ ሙከራ 15 ያርድ እንዲሄድ ወይም በፐንት እንዲመታ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተማሪው ዓይኑ እያየ የወደቀበት አሰልጣኝ ነውና ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማንም ይረዳዋል።

ሊጉ ግን ምቱን ለማጥፋት አልደፈረም። በምትኩ ለዓመታት እየሸራረፈው ቆየ። በ2011 መምቻውን ከ30 ወደ 35 ያርድ አስጠጋ፤ ኳሱ ኤንድ ዞን ገብቶ እንዲቀር፣ ሩጫው እንዲቀንስ ነው። ኳስ ኤንድ ዞን ገብቶ ሲቀር ታችባክ ይባላል፣ ተቀባዩም ከተወሰነለት መስመር ይጀምራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው የሚሮጡ ኳሶች ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 53 በመቶ ወረዱ። በ2016 የታችባኩ መነሻ ከ20 ወደ 25 ያርድ ከፍ አለ፤ በ2018 አሥሩ ሯጮች መንደርደር ተከለከሉ፤ በ2023 ኳሱን ሳይሮጥ በምልክት ብቻ የያዘ ተቀባይ ከ25 እንዲጀምር ተፈቀደ። በዚያ የውድድር ዘመን ተይዞ የተሮጠበት ኪክኦፍ 22 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። በየካቲት 2024 በላስ ቬጋስ የተደረገው ሱፐር ቦውል ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድም ኪክኦፍ ሳይሮጥ አለቀ። አደጋው ቀንሶ ነበር፤ ግን የቀነሰው ጨዋታው ራሱ ስለሞተ ነው።

ከምቱ ጋር ደግሞ ደስታውም ሞተ። በጥር 2023 የቡፋሎው ዳማር ሃምሊን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ወድቆ በሕክምና ርብርብ ከተረፈ ከስድስት ቀን በኋላ ቡድኑ ተመልሶ ሜዳ ገባ። ናይሂም ሃይንስ የመክፈቻውን ምት ይዞ 96 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፤ በዚያው ጨዋታ ሌላም ኪክኦፍ 101 ያርድ ይዞ ገባ። ያን ቀን በቡፋሎ ስታዲየም ሰው ያለቀሰው ኪክኦፍ ስለነበረ ነው። በእኔ እምነት ስኪያኖ ስለ አደጋው እውነት አለው፤ ግን መድኃኒቱ ማጥፋት አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከትንሽ ሊግ ነው። ኤክስኤፍኤል የተባለው የጸደይ ሊግ በ2020 የሞከረው አሰላለፍ ነበረ፤ ረጅሙን ሩጫ አስወግዶ ግጥሚያውን ያቆየ አሰላለፍ። ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ በ2023 ሲመለስ ከ90 በመቶ በላይ ኪክኦፎች ይሮጡ ነበር። ይህን ያዩ ሦስት የኤንኤፍኤል ስፔሻል ቲም አሰልጣኞች፣ የዳላሱ ጆን ፋስል፣ የኒው ኦርሊንሱ ዳረን ሪዚ እና የቺካጎው ሪቻርድ ሃይታወር፣ ሐሳቡን ለትልቁ ሊግ አበጅተው አቀረቡ። መጋቢት 26 ቀን 2024 የክለብ ባለቤቶች ኦርላንዶ ላይ ተሰብስበው 29 ለ3 አጸደቁት፤ ለጊዜው ለአንድ ዓመት።

አሁን ምን ይመስላል? መቺው እንደ ቀድሞው በራሱ 35 ላይ ብቻውን ነው። አሥሩ ጓደኞቹ ግን ከእሱ ጋር የሉም። ሜዳውን አቋርጠው በተጋጣሚው 40 ያርድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ከፊታቸው፣ አምስት ያርድ ብቻ ርቆ፣ ተቀባዩ ወገን በ35 እና በ30 መካከል ባለው የመሰለፊያ ቀጠና ውስጥ ቆሟል፤ የአብዛኞቹ እግር 35ቱን መስመር ረግጧል። ከኋላቸው ከ20 ያርድ መስመር እስከ ኤንድ ዞኑ ደጃፍ ያለው ቦታ የማረፊያ ቀጠና ይባላል፤ ኳሱ መውደቅ ያለበት እዚያ ነው፣ የሚጠብቁትም ቢበዛ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለዓይን እንግዳ ነው። መቺው ይመታል፤ ኳሱ አየር ላይ ነው፤ የተሰለፉት ሰዎች ግን አይነቃነቁም። ፊት ለፊት ተፋጠው፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ ኳሱ መሬት እስኪነካ ወይም ተቀባይ እስኪይዘው ይጠብቃሉ። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የሚገጣጠሙት ግን በአምስት ያርድ ርቀት ስለሆነ የሚያከማቹት ፍጥነት የለም፤ ትግሉ በእጅና በትከሻ ነው፣ በመደበኛው ጨዋታ እንደሚደረገው። አደጋው የነበረው በሩጫው ርዝመት ነው፤ እሱ ወጣ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ግን በቦታው ቆየ። እንዲህ ቀላል ነገር ለማየት ሊጉ ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ ያሳዝነኛል።

ሕጉ ዋጋም ተምኗል። የማረፊያ ቀጠናው ሳይደርስ የቀረ ኳስ ተቀባዩን ከ40 ያስጀምረዋል። ቀጠናው ውስጥ ወድቆ ነጥሮ ኤንድ ዞን የገባና እዚያ የቀረ ከ20 ያስጀምራል። በአየር ላይ እንዳለ ኤንድ ዞን የገባ ኳስ በ2024 ተቀባዩን ከ30 ያስጀምር ነበር። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር። ኳሱ ከተሮጠ ተቀባዩ በአማካይ ከ30 ብዙም ሳይርቅ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ጠንቃቃ አሰልጣኝ ለጥቂት ያርድ ብሎ ታችዳውን የማስተናገድ አደጋ አይገባም፤ አርቀህ ምታው ይላል። በ2024 የተሮጡት ኪክኦፎች ከ22 ወደ 33 በመቶ ገደማ አደጉ፤ ዕድገት ነው፣ ግን ከተጠበቀው በታች። ሊጉ እንዳስታወቀው በኪክኦፍ ላይ የሚደርሰው የአንጎል መናወጥ፣ ኮንከሽን የሚሉት፣ በምጣኔ 43 በመቶ ቀነሰ። ባለቤቶቹ ይህን አይተው በሚያዝያ 2025 ሕጉን ቋሚ አደረጉት፤ የታችባኩንም መነሻ ወደ 35 ከፍ አደረጉ። ለተጋጣሚ 35 ያርድ በነፃ መስጠት ከባድ ዋጋ ነውና መቺዎች ኳሱን ማረፊያው ቀጠና ውስጥ መጣል ጀመሩ። በ2025 የሚሮጡት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኑ።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጨዋታ ማየት ለሚፈልግ ኅዳር 24 ቀን 2024 በሜሪላንድ ላንዶቨር የተደረገው የዋሽንግተንና የዳላስ ግጥሚያ አለ። ስታዲየሙ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ቅርብ ነው፤ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ዋሽንግተንን የእኛ ቡድን ይሉታል፤ ያ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደቆጨ የሚያስታውሱ አይጠፉም። ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ዋሽንግተን አስቆጥሮ ውጤቱን 20 ለ17 አጠበበው። ከዚያ ኪክኦፍ መጣ። የዳላሱ ካቮንቴ ተርፒን ኳሱን መጀመሪያ በቅጡ ሳይዘው ቀረ፤ ይህች ትንሽ መዘግየት የዋሽንግተኖቹን ሯጮች ሳበቻቸው። አንሥቶ፣ ባለበት ዞሮ አንዱን አመለጠና 99 ያርድ ሮጦ ገባ። ዋሽንግተን ከዚያ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ ሃያ አንድ ሰከንድ ሲቀር 27 ለ26 ቀረበ፤ ከታችዳውን በኋላ የምትሞከረዋን ተጨማሪ ነጥብ ግን ሳተ። ኳሱን መልሶ ለመንጠቅ አጭር ምት፣ ኦንሳይድ ኪክ፣ ሞከረ፤ እሱንም የዳላሱ ጁዋኔ ቶማስ ይዞ 43 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 34 ለ26።

ያው ጨዋታ የቀረውን አደጋም አሳየ። የዋሽንግተኑ ኦስቲን ኤከለር በጨዋታው ማብቂያ ላይ ኪክኦፍ ሲመልስ ጭንቅላቱን ተመቶ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለተኛውን የአንጎል መናወጥ ደረሰበት፤ ሆስፒታልም ተወሰደ። ሕጉ አደጋውን ቀነሰ እንጂ አላጠፋም፤ የሚሮጡት ኳሶች በበዙ ቁጥር ደግሞ ይህን መከታተል የሊጉ ግዴታ ነው።

ስለ ተርፒን ጥቂት ልጨምር፤ ስለ ክረምት ምርጫ ከተነሣ የእሱን ያህል ግልጽ ታሪክ አላውቅም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የማይሞላ ሰው ነው፤ በዚህ ስፖርት ሕፃን ማለት ነው። በ2019 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ፖላንድ ድረስ ሄዶ በአውሮፓው ሊግ ተጫወተ፤ በ2022 የጸደይ ወራት ደግሞ ዩኤስኤፍኤል በተባለው ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በሐምሌ ዳላስ ካምፕ አስገባው፤ ከ90ዎቹ አንዱ ሆነ። ነሐሴ 20 ከቻርጀርስ ጋር በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ አንድ ኪክኦፍ 98 ያርድ፣ አንድ ፐንት 86 ያርድ ሮጦ ሁለቱንም አስቆጠረ። ከ53ቱ ገባ። የስፔሻል ቲሙ አሰልጣኝ ጆን ፋስል ነበር፤ በኋላ አዲሱን ሕግ ካበጁት ሦስት ሰዎች አንዱ። በመጋቢት 2025 ተርፒን እስከ 18 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ኪክኦፍ ሞቶ ቢቀር ኖሮ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይህን ገንዘብ የሚከፍል ክለብ አይገኝም ነበር።

በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። የዌልሱ የራግቢ ኮከብ ሉዊስ ሪስ ዛሚት በጥር 2024 ራግቢን ትቶ፣ በመጋቢት ከካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ጋር ፈረመ። ጊዜው አዲሱ ሕግ ከጸደቀበት ሳምንት ጋር የገጠመ ነበር፤ ኳስ ይዞ ሰው መሐል መሮጥ የሚያውቅ ፈጣን ሰው ለአዲሱ ምት ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ። በዝግጅት ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ በነሐሴው ማክሰኞ ተሰናበተ። ጃክሰንቪል ለልምምድ ቡድኑ ወሰደው፤ አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳያደርግ በ2025 ክረምት ወደ ራግቢ ተመለሰ። ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። በአዲሱ አሰላለፍ ክፍተቱ የሚታየው ለቅጽበት ነው፤ ያን ቅጽበት የሚያነበው ከልጅነቱ ጀምሮ ኳስ ይዞ በተከላካዮች መሐል የኖረ ራኒንግ ባክ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ክለቦች ሁለተኛና ሦስተኛ ራኒንግ ባካቸውን አሁን ለዚህ ሥራ የሚያዘጋጁት።

መቺዎችም ተፈትነዋል። ቀድሞ የሚፈለገው ጉልበት ነበር፤ ኳሱን ከኤንድ ዞን ማሳለፍ የቻለ ሥራው ተጠናቀቀ። አሁን 20 ያርድ ጥልቀት ባለው ቀጠና ውስጥ የት እንደሚጥል መምረጥ አለበት፤ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ አየር ላይ የሚዋዥቅ፣ መሬት ሲነካ አቅጣጫው የማይታወቅ ምት የሚችል መቺ ዋጋው ጨመረ። ካንሳስ ሲቲ በ2024 ዝግጅት ወቅት ጀስቲን ሪድ የተባለውን ሴፍቲ ኪክኦፍ አስመትቶ ሞክሯል፤ ምክንያቱም መቺው የመጨረሻው ተከላካይ ስለሚሆን ሰው መጣል የሚያውቅ ቢሆን ይሻላል በሚል ነው። ከዳር እስከ ዳር በፍጥነት የሚበሩት ቀጭን ሯጮች በኪክኦፉ ላይ የነበራቸው ቦታ ጠበበ፤ በአጭር ርቀት እጅ ለእጅ የሚታገሉት ላይንባከሮች፣ ታይት ኤንዶች (መንገድ ከፋችም ኳስ ተቀባይም የሆኑ አጥቂዎች) እና ሴፍቲዎች ተፈላጊነታቸው ጨመረ።

ይህ ሁሉ የሚመዘነው በገንዘብም ነው። በ2025 አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ማውጣት የሚችለው የደመወዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ውስጥ ከኮሌጅ የወጣ ጀማሪ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 840 ሺህ ሲሆን ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የተጫወተ ሰው ዝቅተኛው 1 ሚሊዮን 255 ሺህ ነበር። ሁለቱ በኪክኦፍ ላይ እኩል ከሆኑ ወጣቱ ይያዛል። ይባስ ብሎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከስብስቡ ውስጥ የነበረ ነባር ተጫዋች የዓመቱ ደመወዙ ዋስትና ስለሚያገኝ፣ አንዳንድ ክለብ ነባሩን በነሐሴ አሰናብቶ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ መልሶ ይጠራዋል። ሕጋዊ ነው፤ ለአሥር ዓመት አካሉን ለሰጠ ሰው ግን የሚገባ አይመስለኝም።

ለተሰናበተው ወጣት ማክሰኞ የመጨረሻ አይደለም። አራት የውድድር ዘመን ያልሞላው ከሆነ ስሙ ለሌሎቹ 31 ክለቦች ይቀርባል፤ እስከ ማግሥቱ ቀትር ድረስ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ቅድሚያው ባለፈው ዓመት በውጤት መጨረሻ ለሆነው ነው። ማንም ካልወሰደው ክለቡ ራሱ 16 ሰው ወደሚይዘው የልምምድ ቡድን ሊመልሰው ይችላል። እዚያ በ2025 ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 13 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ53ቱ ውስጥ ያለ ጀማሪ በሳምንት ከ46 ሺህ በላይ ያገኝ ነበር። በአንድ ሳምንት ያለውን ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ተጫዋቹ አንድ ኪክኦፍ ላይ ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር ነው።

አዲሱ ሕግ ይህን በር መልሶ ስለከፈተ፣ አደጋውንም ስለቀነሰ፣ ኤንኤፍኤል በዚህ ምዕተ ዓመት ካደረጋቸው ለውጦች ምርጡ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ለውጡ እስከ ታች አለመውረዱ ነው። በ2025 የውድድር ዘመን ኮሌጆቹና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ አሁንም የሚመቱት በድሮው አሰላለፍ ነበር፤ አሥር ልጆች ሙሉ ሜዳ እየሮጡ የሚላተሙበት።

ስለዚህ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ፣ በጆርጂያ ልጆቻችሁን ፉትቦል ለምታስጫውቱ ወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጁ በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ኪክኦፍ ላይ ይሰለፋል ወይ? ያን በልምምድ ላይ በሙሉ ሩጫ ነው ወይ የምታሠሩት? ጭንቅላቱን ቢመታ ሜዳ ዳር የሚያየው የሠለጠነ ሰው ማን ነው? ብላችሁ አሰልጣኙን ጠይቁ። በ50ዎቹም ግዛቶች በወጣት ስፖርተኞች ላይ የሚደርስ የአንጎል መናወጥን የሚመለከት ሕግ አለ፤ የተጠረጠረ ልጅ ከሜዳ መውጣት አለበት፣ የሚመለሰውም የጤና ባለሙያ ሲፈቅድለት ነው። አሰልጣኙ «ደህና ነው፣ ይግባ» ቢል እንኳ እምቢ የማለት መብት አላችሁ።